ኖዱ ኖት ሬዲ እያለ ይመላለሳል፤ ዲስኩ ግን ግማሹ ባዶ ነው

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 3 ወርከር ባለው የኩበርኔቲስ (ኮንቴይነሮችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስተዳድር ሲስተም) ክላስተር ላይ አንዱ ኖድ (ሰርቨር) በየጊዜው ኖት ሬዲ (አልተዘጋጀም) ይሆንና ተመልሶ ሬዲ ይላል። ዲስክራይብ ሳደርገው (ዝርዝር ሁኔታውን ሳይ) ዲስክ ፕሬዠር (የዲስክ እጥረት ምልክት) «ትሩ» ነው፤ የሬዲ መስመር ላይ ደግሞ «ፕሌግ ኢዝ ኖት ሄልዚ» ይላል። ዲኤፍ (የዲስክ ይዞታን የሚያሳይ ትእዛዝ) የሚያሳየው 52 በመቶ ብቻ መያዙን ነው። ፖዶች (አብረው የሚሠሩ ኮንቴይነሮች) ከኖዱ እየተባረሩም ለውጥ የለም። ምን ልይ?

መልስ 1፦
መጀመሪያ የሬዲ መስመር «ፎልስ» ነው ወይስ «አንኖውን»? ይህን ሳይለዩ መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። «አንኖውን» ማለት የኩብሌት (በኖዱ ላይ የሚሠራው የኩበርኔቲስ ወኪል) ድምፅ ጠፍቷል፤ በየ10 ሰከንዱ የሚያድሰውን ሊዝ («አለሁ» የሚል ምልክት) አላደሰም። ያኔ ኔትወርኩን፣ ሰርተፊኬቱን፣ ራሱ ኩብሌት መነሳቱን ታያለህ። «ፎልስ» ከሆነ ግን ኩብሌት እየሠራ ነው፣ አልተዘጋጀሁም የሚለውም እሱ ራሱ ነው።

ፕሌግ የኮንቴይነሮቹን ሁኔታ ከራንታይሙ (ኮንቴይነሮቹን ከሚያስነሳው ፕሮግራም) እየጠየቀ የሚከታተል የኩብሌት ክፍል ነው። 3 ደቂቃ አልፎት ዙሩን ካልጨረሰ ኖዱ ኖት ሬዲ ይሆናል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚንቀራፈፈው ኮንቴይነርዲ (ራንታይሙ) ወይም ዲስኩ ነው። ኖዱ ላይ ገብተህ «ክሪክቲኤል ፒኤስ» (ኮንቴይነሮቹን የሚዘረዝር ትእዛዝ) በል፤ ወዲያው ካልመለሰ ችግሩ እዚያ ነው።

መልስ 2፦
ዲኤፍን ከ«ዳሽ አይ» ጋር አሂደው። ዲስክ ፕሬዠር በባይት ብቻ አይነሳም፤ ካልተቀየረ በቀር ነፃ አይኖድ (ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ የሚያስፈልግ የፋይል ሲስተም መዝገብ) ከ5 በመቶ ሲያንስም ይነሳል። ጥቃቅን ፋይል ሲበዛ ቦታ እያለ አይኖድ ያልቃል።

ጠያቂው፦
ፎልስ ነው። አይኖድ 97 በመቶ ተይዟል! በዲዩ ስቆጥር አብዛኛው ፋይል ያለው አንድ አፕሊኬሽን በሆስትፓዝ (ፖዱ የኖዱን ፎልደር በቀጥታ የሚጠቀምበት መንገድ) የሚጽፍበት የካሽ ፎልደር ውስጥ ነው።

መልስ 2፦
እንግዲያው ፖድ ማባረሩ ያልጠቀመው ለዚህ ነው። ኩብሌት የሆስትፓዝ ፋይል በፖዱ ፍጆታ ላይ አይቆጥርም፣ ፖዱ ሲነሳም አይሰርዝም። ስለዚህ የማያገለግሉ ኢሜጆችን (ኮንቴይነር የሚነሳባቸውን ጥቅሎች) ያጠፋል፣ ጥፋት የሌለባቸውን ፖዶች ያባርራል፣ አይኖዱ ግን አይለቀቅም። ኢሜጅ ማጥፋቱና እንደገና ማውረዱም ኮንቴይነርዲን ስለሚያጨናንቅ ፕሌግን ሊያዘገየው ይችላል።

ኖዱን ኮርደን አድርገው (አዲስ ፖድ እንዳይመደብበት ዝጋው)፣ አፕሊኬሽኑን አቁም፣ ከዚያ ፎልደሩን በፋይንድ «ዳሽ ዲሊት» አጽዳ። በአርኤም ከኮከብ ምልክት ጋር ከሞከርክ የፋይል ዝርዝሩ ረዘመ ብሎ ይመልስሃል።

መልስ 1፦
ካጸዳህ በኋላ ዲስክ ፕሬዠር ወዲያው ካልጠፋ አትደንግጥ፤ ኩብሌት ምልክቱን ለማንሳት በነባሪ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። ትሩ የሚለው ፎልስ ሲሆን አንኮርደን አድርገው። ካሹን ወደ ኢምፕቲዲር (ለፖዱ ብቻ የሚፈጠር ጊዜያዊ ፎልደር) ብታዛውረው ፖዱ ከኖዱ ሲነሳ አብሮ ይጸዳል። ሳይዝሊሚት (የኢምፕቲዲር መጠን ገደብ) የሚገድበው ባይት እንጂ የፋይል ብዛት ስላልሆነ አፕሊኬሽኑ ራሱ አሮጌ ፋይል የሚሰርዝበት ደንብ ያስፈልገዋል።

መልስ 3፦
ፋይል ሲስተሙንም እይ። ኤክስት4 ላይ የአይኖድ ብዛት ፎርማት ሲደረግ ይወሰናል፤ ፓርቲሽኑን ካላሰፋህ ወይም እንደገና ፎርማት ካላደረግህ አይጨምርም። ኤክስኤፍኤስ ግን እንደ አስፈላጊነቱ ይፈጥራል። ለካሹ የተለየ ፓርቲሽን ብትሰጠው ደግሞ ቢሞላም ኩብሌት ያለበትን ዲስክ አይነካም። ገደቡን ከ5 በመቶ ዝቅ ማድረግን ግን አልመክርም፤ አይኖድ ጨርሶ ካለቀ ኩብሌት ራሱ ፋይል መፍጠር ያቅተዋል።