ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ቦሌ ልከራይ ነው፤ ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ ባለ 12 ፎቅ ሕንጻ ላይ፣ 11ኛው ፎቅ የሚገኝ ዕቃ የተሟላለት ባለ አንድ መኝታ ቤት በደላላ አማካይነት አይቼ ወድጄዋለሁ። ባለቤቱ አሜሪካ ስለሚኖሩ የሚያከራዩኝ ወንድማቸው ናቸው። የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ጠይቀውኛል፤ ኪራዩም በየወሩ በዶላር ምንዛሪ እየተሰላ በብር እንዲከፈላቸው ይፈልጋሉ። ቤቱ በእርግጥ ያማረ ነው፤ ከሳሎኑ መስኮት እንጦጦ ድረስ ይታያል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ውል አንባቢ፦
የስድስት ወሩ ጥያቄ ሕጉን ይጻረራል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዝዛል። የዶላሩን ስሌት ደግሞ ጨርሶ አይቀበሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ደመወዝዎ በብር ከሆነ እንዲህ ያለውን ጭማሪ የሚሸከሙት እርስዎ ብቻ ነዎት።

የዘጠነኛ ፎቅ ነዋሪ፦
እኔ ስለ ውሃው ልናገር። የከተማው መስመር ግፊት ከፍ ወዳለ ፎቅ ስለማይደርስ ውሃው ምድር ቤት ካለው ማጠራቀሚያ በፓምፕ ተገፍቶ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይወጣል፤ ከዚያ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ፓምፑን ያስነሳል ወይስ ሊፍቱን ብቻ ብለው ይጠይቁ። የእርስዎ ቤት ከሮቶው እምብዛም ዝቅ ስለማይል፣ ተጨማሪ የግፊት ፓምፕ ከሌለ የሻወሩ ውሃ ደካማ ይሆናል። ጥበቃዎቹን ማነጋገርም አይርሱ፤ ደላላው የማይነግርዎትን ይነግሩዎታል። ምድጃው የኤሌክትሪክ ከሆነ ጄኔሬተሩ እሱን ይችል እንደሆነም ይወቁ፤ እኔ ይህን ሳልጠይቅ ገብቼ ስንት ምሽት ዳቦ በሻይ በልቻለሁ።

ሌላ መላሽ፦
ወንድማቸው ውክልና አላቸው? በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ፣ ማከራየትንና ገንዘብ መቀበልን በግልጽ የሚጠቅስ መሆኑን ሳያዩ ምንም አይክፈሉ። የባለቤትነት ማረጋገጫውንም ከውክልናው ስም ጋር ያስተያዩ። የሊፍት፣ የጥበቃና የጽዳት የጋራ ወጪን ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ ያስጽፉ፤ የቤት ዕቃዎቹንም በርክክብ ቀን አንድ በአንድ መዝግባችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ደውዬ ስለ ውክልናው ስጠይቃቸው «በሂደት ላይ ነው» አሉኝ። ጄኔሬተሩ ደግሞ ሊፍቱን ብቻ እንደሚያንቀሳቅስ ጥበቃው ነግሮኛል። ውክልናው እስኪያልቅ ሌላ ቤት ማየቴን እቀጥላለሁ።