ጥቆማ፦ ለመውጫና ለጉዞ የሚሆን ዊልቸር፣ ከከተማው ዳር ለምንኖር

ከየካ አባዶ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቤት ውስጥ በከዘራ ትንቀሳቀሳለች፣ ደረጃውንም በሰው ተደግፋ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ከግቢ አልፎ መሄድ ግን አልሆነላትም። ጥምቀት እየመጣ ነው፤ በጥር መጨረሻ ደግሞ የእህቴ ልጅ ሠርግ ሐዋሳ አለ፣ «ሳላየው አልቀርም» ብላለች። አንዱ ብረቱ ይሻላል ይለኛል፣ ሌላው አሉሚኒየም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን፣ መኪና የለንም። ምን ልግዛ? ከየት? ክፍያውንስ እናንተ እንዴት ተወጣችሁት?

ከኮዬ ፈጨ፦
እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። እኔ ለአባቴ ሁለት ዊልቸር ገዝቻለሁ፤ የመጀመሪያው ስህተት ስለነበር ከሱ ልጀምር።

የመረጥኩት ሱቅ ውስጥ ገፋ ገፋ አድርጌ ነው። የሱቅ ወለል ሴራሚክ ነው፣ ሴራሚክ ላይ የማይሄድ ዊልቸር ደግሞ የለም። ሰፈር ስደርስ ኮብልስቶኑ ጠበቀኝ። የፊት ጎማዎቹ የሲኒ ማስቀመጫ የሚያካክሉ ቀጫጭን ፕላስቲኮች ነበሩ፤ በድንጋዮቹ መሀል ስንጥቅ ገብተው ሲቀረቀሩ አባቴ ወደ ፊት ሊደፋ ለጥቂት ተረፈ። በሦስተኛው ሳምንት የአንዱ ጎማ ቡለን ተቆረጠ። ይዤ ስመለስ ሻጩ «ኮብልስቶን ላይ ነድተኸው ነው» አለኝ። ታዲያ የት ልንዳው ኖሯል?

ስለዚህ መጀመሪያ የምታይው የፊቱን ጎማ ነው። ቢያንስ 20 ሴንቲ (8 ኢንች)፣ ወፈር ያለ ይሁን። የኋላው ትልቁ 24 ኢንች። ነፋስ ያለው ወይስ ድፍን? ሻጮች ድፍኑን «አይፈነዳም» ብለው ያሞግሱታል፣ እውነት ነው፤ ግን የመንገዱን እያንዳንዷን ድንጋይ ወደ ወገብ ያደርሳታል። እኔ ነፋስ ያለውን እመርጣለሁ። ካላማዳሪው ከብስክሌት የሚለይ አይደለም፣ የሰፈራችን ጎሚስታ ቡና ሳይጠጣ ይጨርሰዋል። ኮብልስቶን ላይ ስትገፊ የፊቱን ጎማ ትንሽ ከፍ አድርገሽ በኋላው ብቻ ሂጂ፤ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ስትወርጂ ደግሞ ጀርባሽን ሰጥተሽ የኋላውን ጎማ አስቀድሚ።

ሁለተኛው ጉዳይ ቪትዝ ነው። አትሳቂ። መኪና ከሌለሽ የምትጠሪው ራይድ ወይም ፈረስ ነው፣ የሚመጣልሽም ብዙውን ጊዜ ቪትዝ። የታጠፈ የብረት ዊልቸር ከቪትዝ ኋላ አይገባም። የኋላ ወንበር ላይ ስታጋድሚው አንቺ በሩ ጥግ ተጣብቀሽ ትሄጃለሽ፣ ሹፌሩም ወንበሬ ተቀደደ እያለ ያጉረመርማል። መፍትሔው የኋላ ጎማው የሚወልቅ ነው። መሀሉ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭነሽ ስትስቢው ጎማው እጅሽ ላይ ይቀራል፤ ሦስት ቦታ ከፋፍለሽ ታስገቢዋለሽ።

ክብደት፦ የተለመደው ብረት 18 ኪሎ ገደማ ነው፣ አሉሚኒየሙ ከ12 እስከ 15። አራቱም ጎማ ትንንሽ የሆነ 10 ኪሎ አካባቢ የሚመዝንም አለ። ሻጮች «የጉዞ» የሚሉት እሱን ነው፤ ለኤርፖርትና ለሆስፒታል ኮሪደር ግሩም ነው፣ ለየካ አባዶ ግን አይሆንም። ፎቅ ድረስ አትሸከሚው። ከጥበቃው ጋር ተስማምተሽ ከደረጃው ስር በሰንሰለት ቆልፊው፤ እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው።

ግዢውን በተመለከተ ጥቁር አንበሳና ተክለሃይማኖት አካባቢ ካሉት የሕክምና ዕቃ መደብሮች ቢያንስ ሦስቱን ዙሪ። መርካቶ ይረክሳል፣ ግን መለዋወጫ እንዳላቸው ጠይቂ። የፊት ጎማና ኩሺኔታ ከሌላቸው ርካሽነቱ ለአንድ ክረምት ነው። በቴሌግራም የሚሸጡት ጋ ፎቶውና ዕቃው ላይገናኙ ይችላሉ፤ ዕቃውን ከፍተሽ ሳታይ ብር አትላኪ። ለጥገና አዲስ ጉዞ የሚባለውን ድርጅት ጠይቂ፤ የዊልቸር ወርክሾፕ አላቸው፣ ሥራውም ከልባቸው ነው። ሆለታ መንገድ መናገሻ ያለው ቼሻየር የሚባለው የተሃድሶ ማዕከል በይበልጥ ለልጆችና ለወጣቶች ስለሆነ ለእናትሽ አላልኩሽም፣ ይህን የሚያነብ ልጅ ያለው ሰው ግን ልብ ይበለው።

ክፍያ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው አይጨበጥም። እኔ ብረቱን በ14 ሺህ፣ አሉሚኒየሙን በ31 ሺህ ነው የገዛሁት፤ ዛሬ ሌላ ሊሉሽ ይችላሉ። ሁለተኛውን የከፈልኩት በእቁብ ነው። ለዳኛው ችግሬን ነግሬው ተራዬን ከአንድ አባል ጋር አቀያየረኝ። «መላ» የሚባለውን የቴሌብር ብድር ለጎማና ለጥገና እንጂ ለዋናው ግዢ አልመክርም፤ መክፈያው ቶሎ ይደርሳል። ከወንድም እህት ጋር ስታዋጡ ደግሞ ገንዘቡ አንድ ሰው እጅ ይግባ። እኛ ቤት «እኔ የመቀመጫ ትራሱን እገዛለሁ» ያለው ወንድሜ ትራሱን እስካሁን አልገዛም።

ሐዋሳ በአውሮፕላን ከሆነ ትኬቱን ስትቆርጪ ዊልቸር እርዳታ ጠይቂ፣ አይከፈልበትም። ደረጃ መውጣት ትችል እንደሆነ ይጠይቁሻል፤ «ትንሽ ትንሽ» አትበይ። የአገር ውስጥ በረራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ባለ ፕሮፔለሮቹ አውሮፕላኖች መወጣጫቸው ደረጃ ስለሆነ ቁርጡን ንገሪያቸው። የራስሽን ዊልቸር ያለ ክፍያ ይጭኑታል። የእግር ማሳረፊያውንና ትራሱን ግን አውልቀሽ እጅሽ ላይ ያዢ።

ከለገጣፎ፦
ወንድሜ የጻፈው ጥሩ ነው፣ ግን ሁሉም የገፊ ምክር ነው። እኔ ተቀማጩ ነኝ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ።

መጀመሪያ ስፋቱ። ሱቅ ውስጥ የሚደረደረው አብዛኛው መቀመጫው 45 ሴንቲ ነው። ቀጠን ያሉ እናት እዚያ ውስጥ ወደ ደከመው ጎናቸው ያዘነብላሉ፣ ማታ ወገባቸውን ያማቸዋል። ተቀምጠው ሳለ ዳሌያቸውን ለኪ፣ 2 ወይም 3 ሴንቲ ጨምሪ፣ በቃ። ከጉልበታቸው ጀርባና ከመቀመጫው ጫፍ መሀል ሁለት ሦስት ጣት ይግባ።

ሁለተኛው ማንም የማይነግርሽ ነው። ስትሮክ አንድ ጎን ሲይዝ ሌላው እጅና እግር ይሠራል። መቀመጫው ዝቅ ካለና የደህናው እግር ማሳረፊያ ከተነሳ መሬቱን በእግራቸው እየሳቡ በእጃቸው እየገፉ በራሳቸው ይሄዳሉ። አዳራሽ ውስጥ እንኳ ቢሆን ወደሚፈልጉት ጠረጴዛ ራሳቸው መሄዳቸው ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። የደከመው ጎን ፍሬን ደግሞ ከወዲያ ማዶ እንዲደረስበት ብየዳ ቤት ማስረዘሚያ አስቀጥይለት።

ትራስ ያለ ቀልድ ግዢ። ተራ ስፖንጅ በወሩ ይሞታል። ሐዋሳ ድረስ በመኪና ከሄዳችሁ በየግማሽ ሰዓቱ ከመቀመጫው ከፍ አድርጊያቸው፣ ቁስል የሚጀምረው ሳይታወቅ ነው።

የኤሌክትሪክ ይሻላል የሚልሽ ካለ ለኮንዶሚኒየም ይከብዳል በይው። ለበረራ ደግሞ ባትሪው ተነቃይ ሊቲየም ከሆነ የሚፈቀደው ከ300 ዋት አወር ያልበለጠ አንድ ባትሪ ነው። ቮልቱን በአምፒር አወሩ አባዢ፦ 24 በ10 ከሆነ 240 ነው፣ ያልፋል፤ 24 በ20 ከሆነ 480፣ አያልፍም።

የሠርጉን አዳራሽ አስቀድመሽ ደውዪና ጠይቂ። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ 624 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለዊልቸር መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር። እኔ የጓደኛዬን ሠርግ የገባሁት በወጥ ቤቱ በር ነው፤ ዶሮውን ከሙሽሮቹ ቀድሜ አየሁት።

ከየካ አባዶ፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ጋ ሜትር ተውሼ ለካሁ፣ 36 ሴንቲ ሆነ። እናቴ «ለቀሚስ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ቅዳሜ ይዣት ልሂድ ወይስ ብቻዬን?

ከለገጣፎ፦
ይዘሻቸው። ሱቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡበት፣ ሻጩ ይጠብቅ።

ከኮዬ ፈጨ፦
36 ከሆነ ባለ 40ው ይበቃታል። ባለ 45ቱን «ሌላ የለም» ብለው ካወጡልሽ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂጂ። ቪትዙንም በር ላይ አስቁሚው፤ ገንዘብ ሳትከፍዪ ጎማውን አውልቀሽ ከኋላው አስገቢና በሩን ዝጊው።