ክርክር፦ የሜይንፍሬም ዳታቤዝ ለመማር ከአረንጓዴው ስክሪን ወይስ ከኤስኪውኤል ይጀመር?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሊኑክስ ላይ ዳታቤዝ ሳስተዳድር ቆይቻለሁ። አሁን ሜይንፍሬም (ትልልቅ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ኮምፒውተር) ላይ ያለውን ዲቢ2 የተባለ የአይቢኤም ዳታቤዝ ልማር ነው። ሁለት ሰው ባማክር ሁለት ዓይነት መልስ አገኘሁ። አንዱ «መጀመሪያ አረንጓዴውን ስክሪን አይኤስፒኤፍንና የሥራ ማዘዣ ቋንቋውን ጄሲኤልን ጨርስ፣ ዳታቤዙን ከዚያ ወዲያ ትነካዋለህ» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «እሱ የድሮ ሰዎች ወግ ነው፤ የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋውን ኤስኪውኤልን ከቻልክ ቪኤስ ኮድን (የኮድ መጻፊያውን) ክፈትና ግባ» አለችኝ። የቱን ልስማ? ደግሞስ ይሄ ሙያ ዛሬ ለሚጀምር ሰው ያዋጣል?

ኤስኪውኤል ወዳድ፦ ሁለተኛዋን ስማ። ዳታ የሚያነበው ሴሌክት ያው ሴሌክት ነው፣ ቴብል የሚያጣምረው ጆይንም ያው ጆይን። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ ዞዊ የሚባል ክፍት ሶፍትዌር አለልህ። ከራስህ ላፕቶፕ ሆነህ የሜይንፍሬሙን ፋይል ትከፍታለህ፣ ጆብ (ማሽኑ የሚሠራውን ሥራ) ትልካለህ። አረንጓዴው ስክሪን ላይ ኤፍ7 ወደ ላይ፣ ኤፍ8 ወደ ታች እያለ ወራት የሚፈጅ ተማሪ ስንቱን አይቻለሁ። በመጨረሻ ስለ ዳታቤዝ ምን አወቀ? ምንም። ነፃውን የዲቢ2 ኮሚዩኒቲ እትም ላፕቶፕህ ላይ ጫንና ዛሬውኑ ጀምር።

ጋሽ ካታሎግ፦ ልጄ፣ እዚህ ላይ ተሸውደሃል። ላፕቶፕህ ላይ የምትጭነውና ዜድ/ኦኤስ በሚባለው የሜይንፍሬም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ያለው ዲቢ2 በስም አንድ ናቸው፤ ኤስኪውኤላቸውም በአብዛኛው ይመሳሰላል። ውስጣቸው ግን ለየብቻ የተጻፈ ነው። ሊኑክስ ላይ ሙሉውን ዳታቤዝ በአንድ ትእዛዝ ባክአፕ ታደርጋለህ። ዜድ/ኦኤስ ላይ ግን ዳታቤዝ የሚባለው ቴብልስፔሶችን (ቴብሎች የሚቀመጡባቸውን ቦታዎች) የሚሰበስብ ስም ነው እንጂ የራሱ ሎግ (የለውጥ መዝገብ) እንኳ የለውም። ካታሎጉም (ስለ ቴብሎቹ መረጃ የሚይዘው) ሎጉም የሰብሲስተሙ፣ ማለትም የሚሄደው ዲቢ2 ራሱ፣ ነው። ባክአፕ በተለምዶ የሚነሳው በየቴብልስፔሱ ነው፤ ቴብልስፔሱ ደግሞ ከሥሩ የቪሳም ዳታሴት (የሜይንፍሬም ፋይል ዓይነት) ነው። ሰብሲስተሙም አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ኤምኤስቲአር ሎጉን ይይዛል። ዲቢኤም1 ዳታውንና በፈር ፑሉን (ዳታው የሚያርፍበትን ሜሞሪ) ያስተዳድራል። አይአርኤልኤም የሎኩ (ሁለት ሰው አንድ ዳታ በአንዴ እንዳይቀይር የሚያግደው) ኃላፊ ነው። ዲስት ከውጭ የሚመጣውን ግንኙነት ይቀበላል። ይሄን ሳታውቅ ኤስኪውኤል ብቻ ይዘህ ብትገባ ፕሮግራመር ነህ እንጂ አስተዳዳሪ አይደለህም።

ኤስኪውኤል ወዳድ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይሄ ሁሉ በንባብ ይገኛል። ጄሲኤል የት ገባ? ዩቲሊቲውን (እንደ ባክአፕ ያለውን የጥገና ፕሮግራም) እንኳ በስቶርድ ፕሮሲጀር (ዳታቤዙ ውስጥ በተቀመጠ ፕሮግራም)፣ ዲኤስኤንዩቲኤልዩ በሚባለው፣ ከኤስኪውኤል መጥራት ይቻላል።

ጋሽ ካታሎግ፦ ይቻላል። ዲስት ሲወድቅስ? ያ የኤስኪውኤል መስኮትህ በማን በኩል ነው የሚገባው? ዞዊ ያልከውም ቢሆን የሚልክልህ ያንኑ ጄሲኤል ነው።

የሌሊት ተረኛ፦ እኔ ከሁለታችሁም አልስማማም። ስለ ስክሪንና ስለ መሣሪያ ትከራከራላችሁ፤ መጀመር ያለበት ግን ከሪከቨሪ፣ የተበላሸ ዳታን ከመመለስ፣ ነው።

የታወቀውን ጣጣ ልንገራችሁ። ሌሊት ላይ አንድ ትልቅ ቴብል በሎድ ዩቲሊቲ ይሞላል። ጊዜ ለመቆጠብ «ሎግ ኖ» ተብሏል። ጆቡ በሪተርን ኮድ 4 ያልቃል። 4 ማስጠንቀቂያ ብቻ ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ጠዋት ስልኩ ይጮኻል። ማንበብ ይሠራል፣ አፕዴት ግን ማይነስ 904 የሚል የስህተት ኮድ እየመለሰ አሻፈረኝ ይላል። የአፕሊኬሽን ሰዎች «ዳታው ይታየናል እኮ! ምን ሆኖ ነው የማይጻፍበት?» ይላሉ። ኤስኪውኤል ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ግራ ይገባዋል። ቴብሉ አለ፣ ፈቃዱ አለ፣ ሎክ የያዘበት የለም። «ዲስፕሌይ ዳታቤዝ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ «ሪስትሪክት» ቢጨምርበት ግን ነገሩ ወለል ይልለታል። ቴብልስፔሱ ኮፒ ፔንዲንግ ላይ ነው።

ዲቢ2 ይሄን የሚያደርገው ለክፋት አይደለም። ሎግ ኖ ስትለው፣ የገባው ዳታ ሎጉ ላይ አልሰፈረም። ሪከቨር የሚሠራው ደግሞ የመጨረሻውን ኢሜጅ ኮፒ (የቴብልስፔሱን ባክአፕ) መልሶ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ለውጥ ከሎጉ እያነበበ በመጨመር ነው። ኮፒም ሎግም ከሌለ ያ ዳታ ቢበላሽ በምን ይመለሳል? ስለዚህ ኮፒ እስክታነሳ ድረስ አላስጽፍም ይልሃል። የኮፒ ጆብ ታስኬዳለህ፣ ያበቃል፣ ይለቅቅሃል። ቸኩሎ በሪፔር ዩቲሊቲ ምልክቱን ብቻ የሚያነሳ ሰውም አለ። ሁሉም ይደሰታል፣ ቴብሉ ላይ መጻፉ ይቀጥላል፤ ያ ዳታ ግን አሁንም ኮፒ የለውም። እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል።

ጠያቂው፦ እህቴ፣ ይሄ ገብቶኛል። ታዲያ ከየት ልጀምር? ጄሲኤልስ ምን ያህል ይበቃኛል?

የሌሊት ተረኛ፦ ሎጉ መጀመሪያ አክቲቭ ላይ እንደሚጻፍ፣ ከዚያ ወደ አርካይቭ እንደሚወርድ እወቅ። ቡትስትራፕ ዳታሴት የሎጎቹን ዝርዝር ይይዛል። ኢሜጅ ኮፒ መቼ እንደተነሳና የት እንዳለ የሚነግርህ ሲስኮፒ የሚባለው የካታሎግ ቴብል ነው። ሪከቨር ራሱ እሱን አይቶ ነው የሚሠራው። እዚህ ላይ ኤስኪውኤልህ ያገለግልሃል፤ ሲስኮፒን በሴሌክት እየጠየቅህ ተማር።

ጄሲኤል የምታስፈራ ትመስላለች እንጂ ለመነሻ ሦስት ዓይነት መስመር ነው። ጆብ ማን እንደላከው ይናገራል፣ ኤክሴክ የትኛው ፕሮግራም እንደሚሄድ፣ ዲዲ የትኛው ዳታሴት እንደሚነካ። ከባዶ መጻፍ አይጠበቅብህም፤ ሁሉም ከሌላው ገልብጦ ነው የሚሠራው። ማንበብ ግን ግድ ነው። ዲዲው ላይ የተሳሳተ ዳታሴት ተጽፎ ካላየኸው ጉድህ ፈላ።

ተጠራጣሪ፦ ይቅርታና፣ ዋናው ጥያቄ ተዘለለ። ያዋጣል ወይ ነው ያለው ሰውየው። ሁሉም ወደ ክላውድ እየሄደ ወጣት ሰው ምን ቆርጦት ነው ዲቢ2 የሚማረው?

ጋሽ ካታሎግ፦ ዲቢ2 እ.ኤ.አ. በ1983 ሲታወጅም «አይኤምኤስ አበቃለት» ተብሎ ነበር። አይኤምኤስ የተባለው የአይቢኤም የቀድሞ ዳታቤዝ ለአፖሎ የጠፈር ፕሮግራም ተብሎ ተጀምሮ በ1968 ሥራ የጀመረ ነው። ዛሬም አለ። ዲቢ2 13 የወጣው በ2022 ነው፣ ዜድ17 የተባለው ሜይንፍሬም ደግሞ በ2025። የሚሞት ነገር አዲስ ማሽን አይሠራለትም።

ተጠራጣሪ፦ ጋሼ፣ ማሽኑ መኖሩን ማን ካደ? ለጀማሪ ቦታ አለ ወይ ነው ያልኩት። በ2020 የኒው ጀርሲው ገዥ ፊል መርፊ የሥራ አጥ ክፍያው ሲጨናነቅ ኮቦል የተባለውን የድሮ የፕሮግራም ቋንቋ የሚችል በጎ ፈቃደኛ ጠርተው ነበር። የጠሩት የሚችለውን ነው፣ ጀማሪውን አይደለም። የሥራ ማስታወቂያውን ሁሉ እዩት፤ ልምድ፣ ልምድ፣ ልምድ። ልምዱ የት ይገኛል? ቤቱ ሜይንፍሬም ያለው ሰው የለም።

የሌሊት ተረኛ፦ እዚህ ላይ እውነት አለህ፣ መልስም የለኝም። ኩባንያዎቹ ሽማግሌ ጡረታ ወጣ ብለው ያለቅሳሉ፣ ጀማሪ ግን አይቀጥሩም። መለማመጃው ግን ያን ያህል አይጠፋም። አይቢኤም ዜድ ኤክስፕሎር በነፃ እውነተኛ ዜድ/ኦኤስ ላይ ያስገባሃል፤ እዚያ ጄሲኤሉንም ቪኤስ ኮዱንም ታገኘዋለህ። ሄርኩለስ የሚባለው ኢሙሌተር (ሜይንፍሬም የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ የድሮውን የሜይንፍሬም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኤምቪኤስ 3.8 ማስኬድ ይቻላል፤ ጄሲኤል ለመልመድ ጥሩ ነው። ዲቢ2 ግን የለበትም፣ አትልፋ።

ኤስኪውኤል ወዳድ፦ እሺ፣ ሪከቨሪው ይቅደም፣ ተረታሁ። ግን ኤስኪውኤልን አታሳንሱብኝ።

ጋሽ ካታሎግ፦ ማን አሳነሰ? እሱም ቢሆን ወጥመድ አለው። ዳታው በኢቢሲዲክ (በሜይንፍሬሙ የፊደል ኮድ) ሲቀመጥ ኦርደር ባይ (ደርድር) ስትል ፊደል ከቁጥር ይቀድማል። ሊኑክስ ላይ በአስኪ (ቁጥር በሚቀድምበት ኮድ) ስትደረድር የኖርክ ሰው ሪፖርቱ ተገልብጦ ሲመጣ ትደነግጣለህ።

ጠያቂው፦ ይሄንንስ ማንም አልነገረኝም። በሉ ዜድ ኤክስፕሎር ላይ ዛሬ እመዘገባለሁ።

የሌሊት ተረኛ፦ አንድ ቀን የሙከራ ሰብሲስተም ከሰጡህ፣ የራስህን ቴብል ፍጠርና በሎግ ኖ ሙላው። አፕዴት ሞክር፣ እምቢ ይበልህ። ከዚያ ኮፒ አንሳ፣ ጥቂት መስመሮች ቀይር፣ ሪከቨር አድርግ፣ ለውጡ ሳይጠፋ ተመልሶ መምጣቱን በሴሌክት አረጋግጥ። የሪከቨሩን ጽሑፍም አንብበው፤ የትኛውን ኮፒ እንደተጠቀመ ይነግርሃል።

ኤስኪውኤል ወዳድ፦ ጆቡን ግን በዞዊ ይላከው።

ጋሽ ካታሎግ፦ ይላከው። ዞዊ እምቢ ያለ ቀን በኤስዲኤስኤፍ (በአረንጓዴው ስክሪን የጆብ ውጤት ማያ) ገብቶ ውጤቱን ማንበብ ከቻለ እኔ ምን ቸገረኝ።