ክፍተት በሌለው ቪዲዮ ላይ የድምፅ ገለጻ እንዴት ይሰጣል?

ጥያቄ፦ የጂኦግራፊ መምህር፣ ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ በሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የማስተምር ሲሆን፣ በክፍሌ ማየት የተሳናቸው ሁለት ተማሪዎች አሉ። ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በምንጠቀምበት ቪዲዮ ላይ ተራኪው ያለ ዕረፍት ይናገራል፤ ካርታው ጋ ሲደርስም «እዚህ ላይ እንደምታዩት» እያለ በቀስት አመልክቶ ያልፋል። አጠገባቸው የሚቀመጡ ጓደኞቻቸው በሹክሹክታ ያስረዷቸዋል፤ በዚህ መሀል ግን ነጋሪውም ሰሚውም የሚቀጥለው ክፍል ያመልጣቸዋል። የድምፅ ገለጻ፣ ማለትም በምስሉ የሚታየውን በቃል የሚነግር ድምፅ፣ ላዘጋጅላቸው ብፈልግም በተራኪው ንግግር መካከል ማስገቢያ ክፍተት አላገኘሁም። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ምላሽ፦ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህርት

መምህር፣ ክፍተት ከሌለ ቪዲዮውን አቁሞ መግለጽ የታወቀ አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ፣ በንግግር መካከል ከሚገባው መደበኛ ገለጻ ለይቶ፣ ምስሉ ቆሞ የሚሰጠውን የተራዘመ ገለጻ ራሱን በቻለ መስፈርት አስቀምጦታል። የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት በቀጥታ ይተላለፍ በነበረበት ጊዜ መምህሩ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር፤ ዛሬ ግን ማቆሚያው በእጅዎ ነው።

ገለጻው ከጠቅላላው ተነሥቶ ወደ ዝርዝሩ ይውረድ። ለምሳሌ «ካርታው ከዝዋይ እስከ ጫሞ ያለውን የስምጥ ሸለቆ ክፍል ያሳያል፤ ሐይቆቹ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተሰልፈዋል፤ ከላይ ዝዋይ፣ ከሥሩ ተጠጋግተው ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ፣ ቀጥሎ ሐዋሳ፣ ወደ ታች ደግሞ አባያና ጫሞ» ቢሉ፣ ተማሪው ከዚያ በኋላ ተራኪው የሚጠራውን ሐይቅ ሁሉ ራሱ በቦታው ያስቀምጠዋል። የቀስቱን ቅርጽና የርዕሱን ጌጥ ይተዉት። ወፎቹንም እንዲሁ፤ አብያታ ላይ ሲደረስ ግን ፍላሚንጎዎቹ የትምህርቱ አካል ሊሆኑ ይችላሉ።

ምላሽ፦ ማየት የተሳነው የሕግ ባለሙያ

ስለ ማቆሙ እስማማለሁ፤ ካርታን በቃል ብቻ ማስያዝን ግን አልደግፍም። ሰባት ሐይቅ በጆሮ ብቻ ተሰምቶ በቦታ በቦታው አይያዝም። ካርቶን ላይ የሐይቆቹን ዳርቻ በሲባጎና በሙጫ አውጥተው ከቪዲዮው በፊት ቢያስዳስሷቸው፣ የሚያስፈልገው ገለጻ በእጅጉ ያጥራል።

ከዚህ የሚብሰው ችግር ገላጩ ለተማሪው ማሰቡ ነው። የአብያታን መሸሽ የሚያሳዩ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቀርቡ «ሐይቁ አሳሳቢ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብሎ የሚያልፍ ገላጭ መደምደሚያውን እንጂ ምስሉን አልሰጠንም። «በመጀመሪያው ፎቶ ውኃ የነበረበት ቦታ በሁለተኛው ነጣ ያለ ደረቅ መሬት ሆኗል» ከተባለ ግን፣ የሚያይ ተማሪ የደረሰበት ድምዳሜ ላይ እኛም በራሳችን እንደርሳለን።

በሕግ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የማራካሽ ስምምነት መጻሕፍትንና መሰል የታተሙ ሥራዎችን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ በብሬይልና በድምፅ ማባዛትን የሚመለከት ነው፤ ፊልምና ቪዲዮ ግን በሽፋኑ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ የሌላ ሰው ቪዲዮ ላይ ድምፅ ጨምሮ ከማሰራጨት ይልቅ፣ ገለጻውን ክፍል ውስጥ በቃል መስጠት ወይም ለብቻው በስልክ ቀድቶ ለተማሪዎቹ መላክ ከጥያቄ የራቀ ነው።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሲባጎውን ካርታ ከሚያዩት ተማሪዎች ጋር አብረን እንሠራዋለን። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ ፈተና ላይ ሥዕል ያለበት ጥያቄ ሲመጣ ገለጻው መልሱን እንዳይሰጥ ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህርት

የሚጠየቀውን ነገር ስም አይጥሩ፤ ቅርጹንና አቀማመጡን ብቻ ይናገሩ። ጥያቄው «በ«ለ» የተመለከተው ሐይቅ ማን ነው?» ከሆነ፣ «ለ» ከላንጋኖ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአብያታ በስተ ደቡብ እንደሚገኝ መግለጽ ይበቃል። ገለጻውን ከፈተናው ቀን በፊት ጽፈው ለሌላ የጂኦግራፊ መምህር ያስነብቡት፤ ለሁለቱም ተማሪዎች አንድ ዓይነት ሆኖ በጽሑፍ ይነበብ እንጂ አንባቢው በቦታው የሚፈጥረው አይሁን።