ግሬድ የተደረጉ የድሮ ባስኬት ካርዶች ትክክለኛ ዋጋቸው እንዴት ነው የሚታወቀው?

ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ሰላም ወገኖች፣ ካርድ የምትሰበስቡ ካላችሁ እስቲ እርዱኝ። የቤት አከራዬ አሜሪካዊት ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሰውየውን የባስኬት ካርዶች ሊሸጡ ፈልገው ሌላ ሰው አላምንም፣ አንተ ተገቢውን ስጠኝና ውሰደው አሉኝ። ሁሉም ፒኤስኤ (ካርድ መርምሮ ከ1 እስከ 10 ግሬድ የሚሰጠው ካምፓኒ) ያሸገው ፕላስቲክ ውስጥ ናቸው። የ1986 ፍሊር ማይክል ጆርዳን ግሬድ 6፣ ከዛው የፍሊር ስብስብ ባርክሌይና ኦላጁዋን ሁለቱም 8፣ እና የ1980 ቶፕስ ላሪ በርድና ማጂክ ጆንሰን አንድ ላይ ያሉበት 7 (ፍሊርና ቶፕስ ካርዱን ያተሙት ናቸው)። ኢቤይ ላይ ሳየው ግን ያው ጆርዳን 6 አንዱ የጠራው ዋጋ የሌላውን እጥፍ ነው። ሴትየዋን መጉዳት አልፈልግም፣ ያጠራቀምኳትንም ገደል መክተት አልፈልግም። የቱን ልያዝ?

ናቲ_86፦
ወንድሜ ያየኸው ሻጭ የጠየቀውን ነው፣ እሱን እርሳው። ፊልተሩ ውስጥ ገብተህ ሶልድ የሚለውን ምረጥ፣ ባለፉት 90 ቀናት የተሸጡትን ያመጣልሃል። ዋጋው ላይ ሰረዝ ካለ በድርድር ነው የሄደው፣ የተከፈለውን እዛ አታየውም፣ ዋን ሰርቲ ፖይንት (130point) የሚባለው ሳይት ላይ ፈልገው። ግሬዱም ካምፓኒውም አንድ ይሁን፣ የኤስጂሲን (ሌላው ግሬድ ሰጪ) ከፒኤስኤ ጋር አታደባልቅ። የቅርቦቹን አምስት ስድስት ሽያጭ ሰብስብና በጣም የራቀውን ጣል፣ መሀል ላይ የሚቀረው ነው ዋጋው። ቀኑን ደግሞ አደራ፣ ጆርዳን ፒኤስኤ 10 በ2021 መጀመሪያ በጨረታ 738,000 ዶላር ተሸጦ በዓመቱ 200 ሺህ አካባቢ ወርዷል፣ ስለዚህ ሰው የዛን ጊዜ ዋጋ እያሳየ ቢከራከርህ አትስማው።

ካርድ_ወዳጅ፦
ናቲ ያለው ልክ ነው ግን የግሬዱ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ሁለት 6 ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው እኩል አይደሉም፣ አንዱ ስዕሉ መሀል ላይ ተቀምጦ ማዕዘኑ ትንሽ የለዘበ ነው፣ ሌላው ማዕዘኑ ስል ሆኖ ስዕሉ ወደ አንድ ጎን ተገፍቷል፣ ገዢ ለመጀመሪያው ጨምሮ ይከፍላል። የ86 ፍሊር ጠርዙ ቀይና ሰማያዊ ስለሆነ ትንሽ ከተላጠ ነጩ ወዲያው ይታያል፣ መብራት ስር አዘንብለህ እየው። በርድና ማጂክ ላይ ደግሞ (መሀል ያለው ጁሊየስ ኧርቪንግ ነው) ሶስቱን የሚለየውን የተበሳሳ መስመር ተመልከት፣ ያን ጊዜ ልጆች እዛ ላይ እየቀደዱ ነበር የሚለያዩት፣ ሳይቀደድ የተረፈ ነው ዋጋ ያለው። ጥቁር የህትመት ነጠብጣብ ፊታቸው ላይ ካለም ይቀንሳል። እና ከሁሉ በፊት ሌብሉ ላይ ያለውን የካርዱን መለያ ቁጥር ፒኤስኤ ሳይት ላይ አስገብተህ አረጋግጥ፣ ጆርዳኑ ፎርጅድ የሞላበት ካርድ ነው፣ ፕላስቲኩንም ሳይቀር ይሰሩታል።

ደላላው_ቨርጂኒያ፦
እኔ የካርድ ሾው ላይ የመሸጫ ጠረጴዛ አለኝ። ማንም ነጋዴ ሙሉ ዋጋ አይከፍልም ብሮ፣ 70 በመቶ ከሰጠሃቸው ደህና ነው፣ መልሰህ ስትሸጥ ኢቤይ ራሱ 13 በመቶ አካባቢ ይወስድብሃል።

ካርድ_ወዳጅ፦
ይሄ ለነጋዴ ይሰራል፣ እሱ ግን ነጋዴ አይደለም፣ ሴትየዋም ዋጋ ሳያውቁ አምነው ነው የሰጡት። 70 ቆርጠህ ስትሰጥ ሌላው 30 የት እንደገባ እሳቸው በምን ያውቃሉ? እኔ ብሆን የሽያጮቹን ዝርዝር አብሬያቸው ቁጭ ብዬ አሳያቸዋለሁ፣ ራሳቸው ቢሸጡት ኮሚሽኑና ፖስታው ሲቀነስ እጃቸው የሚገባውን አስልቼ ያንኑ እከፍላለሁ። እሳቸውም አይጎዱም እሱም ከገበያው በታች ገዛ ማለት ነው።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄኛው ልቤ ገብቷል፣ እንደዚህ ነው የማደርገው። መለያ ቁጥሮቹን ፒኤስኤ ሳይት ላይ አስገብቼ አራቱም ወጥተዋል። አንድ ነገር ግን፣ የባርክሌዩ ሌብል ላይ ከ8 አጠገብ ኦሲ የሚል አለ፣ ምንድነው?

ናቲ_86፦
ስዕሉ ከመሀል ወጥቷል ማለት ነው። በ8 ዋጋ እንዳትገዛው፣ ብዙ ሰው ሁለት ግሬድ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያየው፣ ሶልድ ላይ ኦሲ ያለባቸውን ብቻ ለይተህ ፈልግ። ለሴትየዋም ዋጋ ከመጥራትህ በፊት ሌብሉን እያሳየህ ንገራቸው፣ ኦላጁዋኑም 8 ሆኖ ለምን የበለጠ እንደከፈልክበት ኋላ ግራ እንዳይገባቸው።