የሆም ቴአትራችን የንግግር ድምፅ እየተዋጠ ስላስቸገረን ምክራችሁን እጠይቃለሁ

በድምፅ መሣሪያዎች ልምድ ያላችሁ ወገኖች እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በኮንዶሚኒየም ሳሎናችን ባለ 5.1 ሆም ቴአትር (አምስት ስፒከሮችና አንድ የወፍራም ድምፅ ስፒከር ያሉት) ተክለን ፊልም ስናይ የተዋንያኑ ንግግር በሙዚቃው ስለሚዋጥ፣ እሱን ለመስማት ድምፁን ከፍ ስናደርግ ቀጥሎ የሚመጣው ፍንዳታ ከላይና ከታች ያሉ ጎረቤቶቻችንን ይረብሻል፤ ይህም በእጅጉ ያሳስበኛል።

ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ፣ መስኮቱም ሰፊ በመሆኑ በእጄ ሳጨበጭብ ድምፁ ጥርት ብሎ ተመልሶ ይሰማኛል። ንግግሩን በዋናነት የሚያወጣው የመሃል ስፒከር ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ መደርደሪያው ውስጥ ገባ ብሎ የተቀመጠ ሲሆን፣ ፊቱም ወደ ጆሯችን ሳይሆን ወደ ጉልበታችን የዞረ ነው። ጥግ ላይ ያለው ሰብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከሩ)፣ ክሮስኦቨሩ (ከእሱ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ወደ ሰብዉፈሩ የሚላክበት ወሰን) 80 ኸርዝ ላይ ቢሆንም፣ ያጉረመርማል።

ቴሌቪዥኑ ከሪሲቨሩ (ድምፁን ለስፒከሮቹ ከሚያከፋፍለው መሣሪያ) ጋር የተገናኘው በኤችዲኤምአይ አርክ (የቴሌቪዥኑን ድምፅ በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ሪሲቨሩ በሚመልስ መስመር) ነው፤ የቴሌቪዥኑ የድምፅ መውጫ ቅንብር ግን ፒሲኤም (ያልታመቀ ዲጂታል ድምፅ) ላይ ተቀምጧል። በአርክ በኩል ፒሲኤም የሚያሳልፈው ሁለት ቻናል ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ቢትስትሪም (የታመቀውን ድምፅ ሪሲቨሩ እንዲፈታው እንዳለ ወደሚያሳልፈው ቅንብር) ብቀይረው የመሃል ስፒከሩ የራሱን ቻናል አግኝቶ ንግግሩ ይጠራል ብዬ አምናለሁ።

ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ግድግዳ መብሳት አልችልም። ቅንብሩን ካስተካከልኩ በኋላ ያለኝን ውስን ገንዘብ በወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ ላይ ባውል ይሻላል ወይስ የተሻለ የመሃል ስፒከር ልግዛ? ሰብዉፈሩንስ ከጥጉ ምን ያህል ላርቀው?