እነሱ አንድ ሰው ጎድሎባቸው እኛ ጎል ማግባት አቃተን! ፍጠኑልኝ

ግራ እጇ፦ ሰላም ናችሁ? ነገ ጠዋት ጨዋታ አለን፣ የሴቶች እጅ ኳስ ነው። የሁለት ደቂቃ ቅጣት ሲመጣ ጭራሽ ይብስብናል። ዛሬም በዚያው ሰዓት ጎል ገባብን። ምን እናድርግ?

ዘጠኝ ሜትር፦ የተቀጣችው ከእናንተ ናት ከእነሱ?

ግራ እጇ፦ ርዕሱ ላይ አለ እኮ! ከእነሱ። እኛ 6፣ እነሱ 5፣ በረኛ ሳይቆጠር።

ጋሽ ፊሽካ፦ ልጆች፣ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። የሜዳው ስፋት 20 ሜትር ነው። አምስት ሰው ያንን ሁሉ አይሸፍንም። ክንፎቻችሁ ጥግ ድረስ ይለጠጡ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ደግሞ በረኛን በሜዳ ተጫዋች ቀይሮ በ7 ማጥቃት ቀሏል። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር...

ዘጠኝ ሜትር፦ ጋሼ፣ ልጅቷ ጨዋታዋ ነገ ነው 😂

ፒቮት ነኝ፦ እህቴ፣ ችግሩ የቁጥር አይመስለኝም፣ ችኮላ ነው። ትርፍ ሰው አለን ብላችሁ ቶሎ ከመሃል ትወረውራላችሁ አይደል? ኳስ የያዘችው በሁለት ተከላካዮች መካከል ወዳለው ክፍተት ትሩጥ። ሁለቱም ሲመጡባት ወዲያው ለቀጣይዋ ትልቀቅ። ቀጣይዋም እንደዚያው። ትርፏ ልጅ መጨረሻ ላይ ክንፍ ጋ ብቻዋን ትገኛለች። ፒቮቷ (በተከላካዮቹ መካከል የምትቆመው አጥቂ) ኳስ ባይደርሳትም መሃል ያለችውን ተከላካይ በሰውነቷ ትዝጋባቸው። በእጅ ከያዘቻት ግን ጥፋት ነው።

ግራ እጇ፦ ክንፍ ጋማ ይደርሳል። ማዕዘኑ ጠቧት ትስታለች።

ፒቮት ነኝ፦ ከጥግ ተነስታ ወደ ጎሉ ፊት ትዝለል። ጎሉ ፊት ያለውን የ6 ሜትር መስመር ሳትረግጥ ተነስታ፣ ከማረፏ በፊት ኳሱን ከለቀቀች ጎሉ ይጸድቃል።

አዲስ ገቢ፦ ክንፎቹ ይለጠጡ።

ዘጠኝ ሜትር፦ ተብሏል ወንድሜ።

ጋሽ ፊሽካ፦ ቅብብሉም አይብዛ። ዳኛ ‘ጎል ሳትሞክሩ ጊዜ እየገደላችሁ ነው’ ብሎ እጁን ካነሳ 6 ቅብብል ነው ያላችሁ።

ፒቮት ነኝ፦ ጋሼ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ 4 ነው።

ጡረተኛ በረኛ፦ ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ። እነሱ ጎድለው እንዴት አገቡባችሁ? በረኛቸውን አውጥተው በ6 እያጠቁ ነው?

ግራ እጇ፦ አዎ፣ ሁሌም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።

ጡረተኛ በረኛ፦ ታዲያ ይሄ ይደበቃል?! ጎላቸው ባዶ ነው እኮ! ኳስ እንደቀማችሁ ቀና ብላችሁ እዩ፣ በረኛቸው ከተቀያሪ ወንበር ተነስታ እየሮጠች ነው። ኳሱ በረኛችሁ እጅ ከገባ ራሷ ትወርውር፣ ከዚያው ከጎሏ ፊት ብታገባም ይቆጠራል። በየቅብብሉ እየተንከባከባችሁ ስታመጡት ግን በረኛዋ ደርሳ፣ ላቧን ጠርጋ ትጠብቃችኋለች።

ዘጠኝ ሜትር፦ 😂😂 ውሃም ጠጥታ።

ፒቮት ነኝ፦ ግራ እጇ፣ ጨዋታው እንዴት ሆነ?

አዲስ ገቢ፦ እኛም ጋ ይሄው ችግር አለ። ግን ሁሌ የምንቀጣው እኛ ነን። መፍትሔ ያለው?